መኪናዋ ሚኒሞ ያጣችበት ቅዳሜ

ወንድሜ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ ነበር፤ የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው። መካኒኩ ከጎኑ ቆሞ ካቻቢቴውን በጨርቅ ይጠርጋል። የወንድሜ ሚስት ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ጦር ኃይሎች ጁስ ቤት ያለው ሰው በፊት በኩል ሜትር ዘርግቶ ጣሪያዋን ይለካል። እኔ በረንዳው ላይ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ኮልፌ ያለው ግቢያችን ከዚህ በላይ ሰው አይችልም።

መኪናዋ ጀርባዋ ክብ የሆነ፣ ድሮ በከተማው እንደ ልብ የምትታይ ዓይነት ናት። ወንድሜ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠግናት ኖሯል። ቀለሟ አዲስ፣ ወንበሯ አዲስ፣ መብራቷም አዲስ ነው። የጎደላት ሚኒሞ ብቻ ነበር፤ ሚኒሞ የሚሉት እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ በራሱ መሥራቱን ነው። የእኛዋ እግር ሲነሳላት ትጠፋለች። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ምርመራ ወድቃ ቦሎ ሳይለጠፍላት ቀረ። ያን ጊዜ ወንድሜ ለሚስቱ ማለላት፦ ዘንድሮም ከወደቀች ለጁስ ቤቱ ትሸጣለች። ሰውየው ጣሪያዋን ቆርጦ ጁስ መሸጫ ባንኮኒ ሊያደርጋት ነው። የምርመራው ቀጠሮ ያን ቅዳሜ ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት።

ሐሙስ ዕለት መካኒኩ ካርቡራቶሩን ፈታትቶ አጥቦ፣ ዕቃዎቹን ጋዜጣ ላይ አስጥቶ ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ገጠመውና አስነሳ። ድሮ ዝም ብላ የምትጠፋው መኪና አሁን ሦስት ጊዜ አስነጥሳ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ጠፋች።

«ቤንዚኑ ነው» አለ መካኒኩ። «የዘንድሮ ቤንዚን ውሃ ነው።»

«ባለፈው ሳምንትም ቤንዚኑ ነው ብለህ ነበር» አለ ወንድሜ።

«ባለፈው ሳምንት የቀዱት ቤንዚን እኮ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«እኔ አልቸኩልም» አለ የጁስ ቤቱ ሰው ሜትሩን ወደ መስኮቱ እየሳበ። «ከማንጎና ከአቮካዶ ጋር ደስ ብሏት ትኖራለች። ቆሼ ከምትገባ አይሻልም?»

«አንተ መለካትህን ቀጥል» አለች የወንድሜ ሚስት። «ወላሂ ብሎ ምሏል።»

ወንድሜ ጭንቅላቱን ይበልጥ ወደ ሞተሩ ቀበረ።

መካኒኩ ካርቡራቶሩን እንደገና ከፍቶ አንዲት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አወጣ። ቤንዚኑ ለሚኒሞ የሚያልፍባት ቀዳዳ እሷ ላይ ናት። እፍ አለባት፤ ወደ ፀሐይ አነሳት።

«ተመልከቱ! ብርሃኑ እንደ መስኮት ነው የሚያልፈው። እንዲህ የጸዳ በሕይወቴ አላየሁም። እጄን ይባርከው፣ እኔው ነኝ ያጠብኩት።»

እኔ ጫማዬን ተመለከትኩ።

ዓርብ ወንድሜ ለጁምዓ ሲወጣ ያቺን ቁራጭ ጋዜጣው ላይ አይቻት ነበር። የድሮው የላምባ ምድጃችን አፍንጫ ቁርጥ እሷን ነው። በጥላሸት ሲደፈን በቀጭን ሽቦ ወጋ እናደርገዋለን፤ እሳቱ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ወግቻለሁ፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ቁራጯን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ባያት ቀዳዳዋ የተደፈነ መሰለኝ። መነጽሬ አልጋው ላይ ነበር። የስፌት መርፌ ብሞክር አልገባ አለ። ቆሻሻው ጠንክሯል ብዬ ብርድ ልብስ የምሰፋበትን ትልቁን አመጣሁ። እሱ ትንሽ ታግሎ ገባ። የወጣው ቆሻሻ የነሐስ ቀለም እንደነበረው ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

መካኒኩ ቁራጯን መልሶ ገጠመ። መኪናዋ አስነጠሰች፤ አጨሰች፤ ጠፋች። አምስት ሰዓት ሆነ።

«ጋሼ፣ እጅዎን አስገብተውበታል?»

«እኔ? ከልጄ በላይ የያዝኳትን?»

«ታዲያ ማን አስጨሳት?»

«አንተ ነሃ! አስኮ ጎበዝ መካኒክ አለ ሲሉኝ ሰምቼ...»

«አስኮን ምን አመጣው? ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም!»

መካኒኩ ቁልፎቹን ወደ ቦርሳው ይወረውር ጀመር። የጁስ ቤቱ ሰው ስልኩን አውጥቶ መጎተቻ መኪና የሚልክለት ሰው ፈለገ። ወንድሜ ከመሬት ሳይነሳ የመኪናዋን ጎማ ያዘ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከበረንዳው ወረድኩ።

«ልጄ፣ ቦርሳህን አስቀምጥ» አልኩት መካኒኩን። «ያቺን ቀዳዳ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። በመርፌ።»

ሁሉም ዞሩ።

«በምን ዓይነት መርፌ፣ እማማ?»

በጣቶቼ ርዝመቱን አሳየሁት። የጣቶቼን ርቀት በራሱ ጣቶች ለካው።

«ለዚህ ነዋ ቤንዚን የምትጋተው!» አለ። «እማማ፣ ይቺ ቀዳዳ እኮ ከፀጉር ትንሽ ነው የምትወፍረው።»

«እሱንማ አሁን ሰማሁ» አልኩት።

የወንድሜ ሚስት አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መካኒኩ ከቦርሳው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አውጥቶ ሲያገላብጥ ቆየ። ከአሮጌ ካርቡራቶር የተፈታች እንደዚያችው ያለች ቁራጭ አገኘና ገጠማት። ወንድሜ ገብቶ አስነሳ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ። ወንድሜ እግሩን አነሳ፤ ቆየና ወረደ፤ በሩንም ዘጋ። መኪናዋ ማንም ሳይነካት፣ ሳታጨስ፣ መሥራቷን ቀጠለች።

«ያንን ሜትር ጠቅልለው» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ገና ምርመራው አለ እኮ» አለ የጁስ ቤቱ ሰው፤ ግን ጠቀለለው።

ወንድሜ የፊቱን በር ከፈተልኝ። «እትዬ፣ ግቢ እንጂ። አብረን እንሂድ።»

«መርፌ ካልያዙ ይግቡ» አለ መካኒኩ።

«ሂዱ፣ ይረፍድባችኋል፤ እኔ ዳግም አልነካትም፣ በታክሲ እከተላችኋለሁ» አልኩ። ሻሼን አስተካክዬ ቦርሳዬን ያዝኩና በግቢው በር ወጣሁ።