ራእይ ያላየው የአየርላንድ ባለርስት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የመጨረሻ እሑድ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እኔ ያልተናገርኩትን በእኔ ስም ተናገሩ፤ ይህን ያስተዋለችው ልጅም ይቅርታ እንድትጠይቅ ተደረገ።

የተጋበዝኩት በወጣቶች ፕሮግራም ስለ ሕሊና እንድናገር ነበር። ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስማር የዶክትሬት ጽሑፌን የሠራሁበትን ሰው መረጥኩ፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መባቻ የኖረ፣ ከእንግሊዝ ዘር የተወለደ፣ ፕሮቴስታንት የሆነ የአየርላንድ ባለርስት። የፓርላማ ወንበሩን የሰጠው የአካባቢውን መራጮች በእጁ የያዘው አጎቱ ነበር፤ ለዓመታትም አጎቱ ካለው ሳይወጣ ተቀመጠበት። አንድ ቀን ግን ተነሥቶ ፓርላማ እንዳይገቡ በሕግ የተከለከሉት ካቶሊኮችም እዚህ ሊቀመጡ ይገባል አለ። ንግግሩ አጭር ነው። እግዚአብሔርን አይጠቅስም፤ የሚጠቅሰው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ አጎቱ ወንበሩን ለሌላ ዘመድ ሰጠ፤ እሱም ወደ ርስቱ ተመልሶ በረት ሲያስጠግንና ቦይ ሲያስቆፍር ኖሮ ሞተ። ከሰማይ ቃል ሳይመጣለት፣ የሚያጣውን እያወቀ መነሣቱ ዛሬም ያስደምመኛል። ንግግሩ ያለበት ገጽ ላይ በደረስኩ ቁጥር ማንበቤን አቆማለሁ።

እዚህ ውጭ አገር ላደጉት ልጆች በእንግሊዝኛ ስናገር ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ለወላጆች በአማርኛ ይተረጉማሉ። «ተነሣ» ስል፣ እሳቸው «በዚያች ሌሊት ጌታ በራእይ ተገለጠለትና ተነሣ» አሉ። አዳራሹ በ«አሜን» ተናወጠ፤ ቀጥሎ ያልኩትን የሰማ አልነበረም።

ከዚያ ከሽማግሌው ጋር ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደን ምሳ ስንበላ፣ አንዲት እናት ስለ ራእዩ ታወራ ጀመር። ልጇ አቋረጠቻት።

«ማሚ፣ ራእይ የሚባል ነገር አላለችም እኮ።»

«ጋሼ ዋሹ ነው የምትይው?»

«እኔ እንግሊዝኛውን ነው የሰማሁት።»

«ልጅቷ ትክክል ናት፤ አላልኩም» አልኩ።

ሽማግሌው ሣቁ። «ዶክተርዬ፣ ሰውዬሽ ደርቆብኝ ነው። ትንሽ ቅቤ ጣል ባደርግበት ምን አለበት?»

ገበታው ሁሉ ሣቀ። እናትየው ግን ልጇን እያየች፣ «ቢሆንም ሽማግሌ በሰው ፊት አይታረምም። ይቅርታ ጠይቂ» አለች። ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያም አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌው ራሷን ዳበሷት።

ጋሼ፣ ራእይ ካየማ ማንም ይነሣል። ያ ሰው የነበረው አንድ ነገር ያለ ራእይ መነሣቱ ነው፤ እሱን ወሰዱበት። ራእዩን ለምን እንደጨመሩበት ለእኔ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። በዚያች ልጅና በእናቷ ፊት ግን ይህን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ራእይ አየ ብያለሁ ወይስ አላልኩም?