ጥፍር የሌላት ሸማኔ

ቺዙሩ ጥፍሯን መብላት መቼ እንደጀመረች አታውቅም። እናቷ ቶሜ ግን "ጥርስ ያወጣሽ ዕለት ነዋ!" ትላታለች። ቶሜ በማይዙሩ ወደብ ዓሣ እየሰነጠቀች ልጅ ያሳደገች እጀ ፈጣን ሴት ናት፤ ፍጥነቷ ደግሞ ለዓሣው ብቻ አልነበረም። የልጇ ጣት ወደ አፍ ሲጓዝ ካየች በያዘችው ነገር ቸብ ታደርገዋለች፤ ጭልፋ ከያዘች በጭልፋ፣ ማራገቢያ ከያዘች በማራገቢያ። ሰናፍጭ ቀባቻት፤ ቺዙሩ ሰናፍጭ ወደደች። እንደ ሬት የሚመር የቅል ጭማቂ ቀባቻት፤ እሱንም ለመደችው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የቺዙሩ ማዕድ ግን ሁልጊዜ አብሯት የሚዞር ስለሆነ መስረቅም አላስፈለጋት።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ጉድሽን ደብቂ!" ትባላለች። ከዚያ ሁሉ ቁጣ የተረፋት ሙያ ቢኖር ይኸው እጅ መደበቅ ነው። ጠረጴዛ ሥር፣ እጅጌ ውስጥ፣ ሽርጥ ኪስ ውስጥ። ሰው ካፈረበት ይተወዋል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ሰው ያፈረበትን ነገር ተደብቆ ያደርገዋል፤ ሲደበቅ ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል። ኢሳኦ የሚባለው የኪዮቶ ልጅ ሊያገባት መጥቶ ቀለበት ሲያጠልቅላት እንኳ አንዷን ጣት ብቻ አውጥታ የቀሩትን ጨብጣ ነበር።

ኢሳኦ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ነው። እናቱ ሺጌኖ ግን ሌላ ናቸው። በሸማኔዎቹ ሰፈር፣ በጠባቧ ቤታቸው ፊት ለፊት ክፍል ተቀምጠው የሐር መቀነት በጥፍራቸው ይሸምናሉ። የመሃል ጣታቸውንና የቀለበት ጣታቸውን ጥፍር ያሳድጉና ጫፉን በሞረድ እየፋቁ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጡለታል። ከዚያ ማጉን በድሩ መካከል ባሳለፉ ቁጥር በዚያ ጥርስ እያበጠሩ ወደ ራሳቸው ስበው ያጠብቁታል። አንድ አበባ ጨርሰው ቀና እስኪሉ ደጅ ያለው አበባ ይረግፋል።

የኪዮቶ ሰው ሲሰድብህ አመስግነህ ትሄዳለህ፤ ነገሩ የሚገባህ ቤትህ ስትደርስ ነው። ሺጌኖ ሙሽራይቱን ተቀብለው እጇን አዩና "እንዴት የታደለ እጅ ነው! ጥፍር የመቁረጥ ድካም የለበት" አሉ። ቺዙሩ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞረው "ኢሳኦ፣ ቤታችን አይጥ ሳይገባ አልቀረም፤ የሚስትህን ጣት እየበላት ነው" ሲሉ ነው ፊቷ በርበሬ የመሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፍሯ ባጠረ ቁጥር "ዛሬም አይጥ ጎብኝቶናል" ይባላል።

"እማዬ ስትናገር አትስሚያት" ይላታል ኢሳኦ። "እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰምቻት አላውቅም፤ ይኸው ጤነኛ ነኝ።"

ለእሱ ቀላል ነው። እሱ ሽመናውን አይወደውም። ቺዙሩ ግን ከሽመናው ዕቃ ጎን ቆማ ክር እያጠነጠነች፣ ቀለም እየመረጠች እያቀበለች ስታይ ስታይ ልቧ እዚያው ቀረ። የትኛው ክር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ሺጌኖ ሳይናገሩ ታውቃለች። ችግሩ ክሩን አቀብላ ቆማ ስትጠብቅ ነው፤ ጣቷ በዚያች ቅጽበት አፏ ውስጥ ይገኛል። አንድ ጊዜ ደፍራ "እማማ፣ አንድ ቀን ልሞክር?" ብላ ነበር።

"ጥፍር ያላበቀለ እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም" አሉ ሺጌኖ ዓይናቸውን ከድሩ ሳያነሱ። "አማቴ ለኔ ያሉኝ ይህንን ነው፤ ለእሳቸውም አማታቸው። አብቅይና ነይ።"

ለማብቀል ያልሞከረችው የለም። በሐምሌ ሙቀት ጓንት አጥልቃ ዋለች። ጣቷን በፕላስተር ጠቀለለች፤ ፕላስተሩንም በላችው። በየአዲሱ ዓመት ትምላለች፤ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው የጥድ ጌጥ ሳይወርድ መሐላው ይፈርሳል። ዓመታቱ እንዲህ አለፉ።

ከዚያ በአንዱ ፀደይ የሺጌኖ የመሃል ጣት ጥፍር ከጫፉ እስከ ሥጋው ተሰነጠቀ። እርጅና ጥፍርንም ያደርቃል። ቢጠብቁት ቢጠብቁት ሲያድግ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ድሩ ላይ ደግሞ በግማሽ የቀረ መቀነት ነበር፤ በሸንበቆ መሃል የቆመች ነጭ ሽመላ፣ ገና ግማሽ አካሏ ብቻ የተሠራ። ሊጨርሰው የሚችል ሌላ ሰው በሰፈሩ ተፈልጎ ታጣ፤ ያሉትም የራሳቸው ሥራ ይዟቸዋል። ሺጌኖ እራት ላይ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ተናገሩ፦ "መቀነቱ ይቆረጥ። የሰኔው ዝናብ ሲያባራ አንድ ሰው መጥቶ የሽመናውን ዕቃ ፈትቶ ይወስደዋል። ነግሬዋለሁ።"

ኢሳኦ "እሺ እማዬ" አለ። ቺዙሩ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። ስታጥባቸው እንባዋ ከሳሙናው ጋር ይወርድ ነበር። ያ ዕቃ ከወጣ እሷ በዚህ ቤት የክር አቀባይ እንኳ አይደለችም። ሐዘኑ ሲውል ሲያድር ወደ ንዴት ዞረ፤ እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል።

አንድ ጠዋት ሺጌኖ የባላቸውን መቃብር ሊያጥቡ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ቺዙሩ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከድሩ ሥር ያለችው መስታወት የጨርቁን የፊት ገጽ አሳየቻት፤ ሸማኔ የሚሠራው በጀርባው በኩል ነውና መልኩን የሚያየው በመስታወት ነው። የሚሸመነው ከሽመላዋ እግር ጎን ያለው ግራጫ ውኃ ነበር፤ ሥዕል የለውም፣ ውኃ ብቻ። ጥፍር ስለሌላት ሺጌኖ አልፎ አልፎ የሚጠቀሙባትን ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ አነሳች። ማጉን አሳለፈች፤ አበጠረች፤ ሳበች። ደግሞ አሳለፈች። አንዱ ክር ሲላላ ሌላው ሲጠብቅ፣ እሱን ስትፈታ ይሄኛው ሲያመልጣት፣ ቀና ስትል ቀትር ሆኗል። ጣቶቿን አየች። ደረቅ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አንዱም አፏን አልጎበኘም።

ለካ ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት! ጥፍርሽ ሲበቅል ትቀመጫለሽ አሏት፤ እሷ ደግሞ ካልተቀመጠች አይበቅልላትም። የአማት አማት ያወጣችውን ሕግ አንድም ሰው ቆም ብሎ አላየውም። ሥራ የፈታ እጅ ነው አፍ የሚፈልገው።

ሺጌኖ ባልዲያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየሸመንኩ።"

"በምንሽ?"

"በማበጠሪያው።"

"ተነሺ።"

"አልነሳም፣ እማማ።"

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሺጌኖ ባልዲውን አስቀመጡ። "ጥፍር ያላበቀለ..."

"እዚህ አይቀመጥም፤ ሰምቻለሁ። እኔ ተቀምጬ ነው የማበቅለው።"

"ጎሽ" አሉ ሺጌኖ ፈገግ ብለው፤ ቺዙሩን ብርድ ብርድ አላት። ምሳ ከተበላ በኋላ አሮጊቷ መርፌ ይዘው ተቀመጡና የጠዋቱን ሥራ ክር በክር ፈቱት። ሲጨርሱ "ውኃው በጣም ከማማሩ የተነሳ ዓይኔን አጥበረበረኝ" አሉ።

በማግሥቱ ቺዙሩ ተመልሳ ተቀመጠች። ሺጌኖ ፈቱት። በማግሥቱም። "እሳቸው መፍታት ካልታከታቸው እኔን መሸመን ለምን ይታክተኛል?" አለችው ለኢሳኦ፤ እሱም ከሁለቱ መሃል መግባት ሞት መሆኑን ስለሚያውቅ ወደ መኪናው ሄደ።

ጥፍሯን ደግሞ እንደ ችግኝ ያዘችው። ለፀጉር የሚቀባውን የካሜሊያ ዘይት በየጥፍሯ ሥር ታሸዋለች። "ሚስቴ ፀጉሯን ረስታ ጣቷን ትቀባለች" ይላል ኢሳኦ። ውኃ ጥፍር ያለሰልሳል፣ የለሰለሰ ጥፍር ይሰነጠቃል ብላ ሳህን ያለ ጓንት አታጥብም። ሻካራ ጫፍ ጥርስን ይጠራል፤ ስለዚህ በሽርጧ ኪስ ሞረድ ይዛ እየዞረች ገና ሸካከር ሲል በአንድ አቅጣጫ ፋቅ ፋቅ ታደርገዋለች። ምሳዋን በቆመችበት ሩዝ ጎርሳ መሄድ ትታ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ፣ ዕንቁላልና የአኩሪ አተር አይብ መብላት ጀመረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ጠርዝ ብቅ አለ። ደጅ ዝናቡ አላባራም። ሺጌኖ ሥራዋን ግማሹን ብቻ መፍታት ጀምረው ነበር፤ ከዚያ የተበላሸችውን ጥግ ብቻ።

እናቷ የደወለችው በዚህ መሃል ነው። "ለሙታን በዓል እመጣለሁ። እጅሽስ? አሁንም እንደ ውሻ ትግጫለሽ?"

ስልኩን ስትዘጋ የቀኝ መሃል ጣቷ ጥፍር የለም። መቼ እንደበላችው አላወቀችም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድሮ ቢሆን አንዱ ከሄደ ምን ቀረኝ ብላ ሁሉንም ትጨርሳቸው ነበር። አሁን ግን ተነሳች። ጉቶውን በሞረድ አለሰለሰች፣ ዘይት ቀባች፣ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሺጌኖ አዩዋት። "ዛሬ አይጥ ጎብኝቶናል።"

"አዎ፣ እማማ። መጥቶ ሄዷል።"

ሺጌኖ ያነሱትን መርፌ መልሰው አስቀመጡ። ለኪዮቶ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ጥፍር ተመልሶ ብቅ ባለበት ሰሞን ዝናቡም አባራ። ዕቃውን የሚወስደው ሰው ደወለ፤ ሺጌኖ "መቀነቱ አላለቀም፣ ትንሽ ታገስ" ብለው ዘጉት። ከዚያ ሞረዳቸውን ይዘው መጡና "እጅሽን አምጪ" አሏት። የቺዙሩ እጅ በልማዱ ወደ እጅጌዋ ሸሸ። ሺጌኖ ጎትተው አወጡት። በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ የቀለበት ጣቷን ጥፍር ያዙና ጥርስ ያወጡለት ጀመር፤ በቺዙሩ ሕይወት ያን እጅ ሳይቆጣ የያዘላት ሰው ከኢሳኦ ሌላ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ያምሻል?"

"አያምም።"

"ገና ስስ ነው። በኃይል እንዳትስቢ።" ሞረዱን ኪሳቸው ከተቱ። "መቀነቱን ትጨርሺያለሽ። ከዚያ ዕቃው ይሄዳል። ለሰውየው ቃል ሰጥቻለሁ።"

በሁለቱ እጆቿ ጥፍር ሽመላዋን ጨረሰች፤ ሸንበቆውንም፣ ውኃውንም። ሺጌኖ አንድ ክር አልፈቱም። መቀነቱ ተቆርጦ የወጣው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ባዶው ዕቃ ሲታይ ዓይን ያስቀይማል። ቺዙሩ ጨርቅ አለበሰችው።

በማግሥቱ ቶሜ የደረቀ ዓሣ ተሸክማ ከተፍ አለች። ሐብሐብ ተቆርጦ ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ቺዙሩ ቀዝቃዛውን የገብስ ሻይ ለእናቷ ስትቀዳ ቶሜ እጇን አፈፍ አደረገችው።

"ይሄ ምንድን ነው? እግዚኦ! በዚህ ዕድሜሽ? የጥርስሽ አሻራ እኮ ቁልጭ ብሎ ይታያል!" ወደ ሺጌኖ ዞረች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። መክሬያለሁ፣ መትቼያለሁ። አመሏ ነው፣ ምን ላድርጋት? በሰው ፊት እንኳ አታፍርም።"

የቺዙሩ እጆች ወደ ጠረጴዛው ሥር ጉዞ ጀምረው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አስቆመቻቸው። ከዚያ ሁለቱንም መለሰቻቸውና ከሐብሐቡ ሳህን አጠገብ፣ ጣቶቿን በትና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

"አዎ እማ፣ አላፍርም። እይው። ቀረብ ብለሽ እይው።"

ኢሳኦ ማኘኩን አቆመ። ሺጌኖ ቀስ ብለው ዋንጫቸውን አስቀመጡና የራሳቸውን እጅ ከምራታቸው እጅ ጎን ዘረጉ። ቢጫ ያለ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፤ ጫፉ ላይ ያው የመጋዝ ጥርስ።

"አይጥ ነው፣ እትዬ ቶሜ" አሉ። "በዚህ ቤት የቆየ አይጥ አለ። የኔንም የበላው እሱ ነው። የአማቴንም።"

ቶሜ አንዴ አንዱን እጅ፣ አንዴ ሌላውን ታያለች። ሺጌኖ ወደ ቺዙሩ ሳይዞሩ ቀጠሉ፦ "ነገ በጠዋት ተነሺ። አዲስ ድር እንወጥራለን።"

"ዕቃውን የሚወስደው ሰውዬስ?"

"የትኛው ሰውዬ?" አሉ ሺጌኖ፤ ሐብሐባቸውንም አነሱ።

ቶሜ ጎንበስ ብላ፣ ያን ስትመታው የኖረችውን ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣቷ ነካ አደረገችና እጇን ሰበሰበች።

"ይወጋል" አለች።

"ይወጋል" አለች ቺዙሩ።