አረንጓዴው ላስቲክ

የጋለ የብየዳ ሊድ ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር፣ ፒያሳ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው አጎቴ አያ ካሳ ክረምቱን ሙሉ ቤታችን ተቀምጦ ለአባቴ ሰዓት ሲበይድ ይታየኛል።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ብራና ሲጽፍ ኖሮ ዓይኑ ስለደከመ፣ አያ ካሳ ከአሮጌ መሣሪያ የነቀላቸውን አራት የመስታወት ቱቦዎች ደርድሮ፣ በውስጣቸው ቁጥር በብርቱካንማ ብርሃን እንዲበራ አድርጎ ሰጠው። አባቴም በየደቂቃው ቀና እያለ ያነበበውን ጮክ ብሎ ይናገር ነበር፤ አሁን ሲገባኝ ዓይኑን እየፈተነ ኖሯል።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግን መስታወቱ እያብለጨለጨ ቁጥሩን ዋጠበት። እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር አልነበረም! አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል ሲሉ ሰምቼ፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውሎ እስኪመጣ የሳይንስ ደብተሬን አረንጓዴ ላስቲክ ገፍፌ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልዬ፣ ምርቃቴን ልቀበል ቁጭ አልኩ።

ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀና አለ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ፣ «ቁጥሩም ሄደብኝ፤ በቃ» አለ ቀስ ብሎ።

እያለቀስኩ ላስቲኩን ቀዳድጄ ጣልኩት። አባቴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበና ሳቀ፣ እየሳቀም እንባው ወረደ፤ እመታለሁ ብዬ ስጠብቅ ግንባሬን ሳመኝ።

በማግስቱ አያ ካሳ ብርቱካንማ ብርሃን በአረንጓዴ ውስጥ እንደማያልፍ እየሳቀብኝ አስረዳኝ። አዲሱን ቀለም የመረጠው ግን አባቴ ነው። «በብራናው የቅዱሳንን ስም በቀይ የምጽፈው ከሌላው እንዲለይ አይደል? ቀይ አምጪ» አለኝ። የአማርኛ ደብተሬም ተገፈፈ። ቀዩን ላስቲክ ከፊቱ ስንወጥረው ብልጭታው ጠፍቶ ቁጥሩ ፍም መስሎ ወጣ። «ሸጋ ነው» አለ አባቴ። በጥርም በሚያዝያም፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየመታችው ያነበው ነበር። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ቀዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ እያልኩ እኩራራ ነበር።

ዛሬ አባቴ ፀዳ ከተማ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ላስቲኩ ሲደበዝዝ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ቱቦዎቹ እንደ ጥንቱ ይበራሉ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ ወደ ሰዓቱ ቀና ብሎ ብዙ ቆየና፣ ፈገግ ብሎ «አንቺ፣ ምነው አረንጓዴውን መለስሽብኝ?» አለኝ።

ያኔ ቀድጄ የምጥለው ላስቲክ ነበረኝ። አሁን አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ይዤ «አራት ሰዓት ከሩብ ነው፣ አባ» አልኩት።