የርክክብ ደብተር

ናዝሬት፣ የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ ቢሮ ውስጥ አራት ነበርን። ጸሐፊው ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። የመቶ አለቃው ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ዘንድ ነው። እናቴ በሩን ተደግፋለች፤ ወደ ውስጥ ግቢ ብላት እምቢ አለች፣ ከዚያ ሆና ግቢው ይታያታልና። እኔ ከባንኮኒው ፊት። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ከሌሎች ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው ይዟቸው ይሄዳል።

ወንድሜ መቂ አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበር። እርሻው «ያስፈልገናል» ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠ ይለቀቃል ተብለናል።

«ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም» አለ ጸሐፊው።

«ጥያቄው አልደረሰንም። እዚያው እርሻው መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ለማን ነው የሰጣችሁት?»

«ይህ ለባለጉዳይ አይነገርም፣ እህቴ። የመዝገብ ቤት ሰው ከሆንሽማ ራስሽን ጠይቂያ!» ብሎ ሳቀ።

የመቶ አለቃው ዘወር ሳይል፣ «አሳያትና ትሂድልን» አለ።

ጸሐፊው የወንድሜን ፋይል ከፍቶ የወጪውን ደብዳቤ ቁጥር አነበበልኝ። ከዚያ ተላላኪ ይዞት እየዞረ ደብዳቤ ተቀባዮችን የሚያስፈርምበትን የርክክብ ደብተር ወደ እኔ አዞረው። እዚያ ላይ ቁጥርና ፊርማ እንጂ ስም አይጻፍም። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ቁጥሩን አገኘሁት። ከጎኑ «ምሥጢር» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው።

ምሥጢር የሚል ማኅተም ያለበትን ፖስታ የእኛ መዝገብ ቤት አይከፍትም፤ ከላዩም የላኪው ስም አይጻፍበትም። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ እስኪቀበሉት ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እሳቸው ለስብሰባ አዲስ አበባ ከሄዱ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ተቀብዬ፣ ፈርሜ፣ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ ደብዳቤ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ቤት ስገባ እናቴን፣ «ገና አልላኩትም» እላት ነበር። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ምን ይላል? የት ነው ያለው ወረቀቱ?» አለች እናቴ ከበሩ።

 ጸሐፊውን ሰዓት ጠየቅኩት።

«አራት ተኩል። መቂ ደርሰሽ ልትመለሺ ነው? በአውሮፕላን?»

«መኪናው ሰው አይጠብቅም» አለ የመቶ አለቃው።

ቦርሳዬን ከነቁልፉ አነሳሁ። እናቴ እንድታሳልፈኝ ትከሻዋን በቀስታ ገፋ አድርጌ ወጣሁ።