ከሁዌ ጀምሮ ያልነገሩኝ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት — ፋልከንሪጅ፣ ካልጋሪ፣ ካናዳ

አባዬ ኦግደን ሰፈር ካለው መጋዘን የማታ ሺፍቱን ጨርሶ በቀጥታ እኛን ሊያደርስ መጣ። አንጸባራቂ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም። ወሩ ግንቦት ነው፤ የመኪናው መስታወት ላይ ግን ውርጭ ጋግሮበት ነበርና በባንክ ካርዱ እየፋቀ፣ «ቬትናም!» አለ። «እኔ ልጅ ሆኜ ቦምብ ሲዘንብባት በሬዲዮ የምሰማት አገር፣ ዛሬ ልጄ ልትዝናናባት?»

ሦስት ነን። እኔ ረድኤት፣ ካልጋሪ የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤቲ በሃያ ዓመቷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ከሦስታችን ታላቋ፣ ወግ አዋቂዋ። ሄኖክ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሁሉን የሚሰማ፣ ሲናገር ግን አማርኛው የሚያንሸራትተው። ማስተርሳችንን አንድ ላይ ጀምረን አንድ ላይ ጨረስን። በመጀመሪያው ዓመት ፈተናው ሊያሳብደን ሲደርስ ነው ላይብረሪ ውስጥ «ይሄን ከተገላገልን ባክፓክ አንግተን ቬትናም» ብለን የተማማልነው። ለምን ቬትናም እንደሆነ ዛሬ ማናችንም አናስታውስም።

ኤርፖርት ስንደርስ ሄኖክ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ አንተ ተወው፣ እኔ አወርዳለሁ» አለ። ቤቲ በክርኗ ጎሸመችው። «እርስዎ፣ አይ ሚን። ይተዉት» ብሎ አረመ። አባዬ ሳቀ። ባክፓኬን ራሱ ጀርባዬ ላይ አድርጎ፣ ማሰሪያውን ሁለቴ ጎትቶ አጠበቀልኝ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋብን። ጉንጩን ሳም አድርጌ ገባሁ። ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሰኞና ማክሰኞ — ሃኖይ

ሃኖይ ሙቀት፣ ሞተር ሳይክልና ጡሩንባ ናት። አንድ ሞተር ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና የታሰረች ዶሮ አይቻለሁ። መንገድ መሻገር ያስተማረችን የሆስቴሉ ባለቤት ናት። «አትቁሙ፣ አትሩጡም። ቀስ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ሂዱ፤ እነሱ ናቸው የሚሸሿችሁ» አለች። እውነቷን ነው። ሄኖክ ግን ሁለቱንም ቀን ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ይዞ ነው የተሻገረው።

ምግቡ ያለው መንገድ ዳር ነው። ጉልበት አገጭ የሚያስነካ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ በሃምሳ ሺህ ዶንግ፣ ማለትም ሦስት የካናዳ ዶላር በማይሞላ፣ እንፋሎቱ ፊት የሚያጥብ፣ ፎ የሚሉትን የኑድል ሾርባ እንበላለን። ከጎኑ የሚቀርበውን ቅጠል ቤቲ አንስታ አሸተተችና፣ «ይሄማ በሶብላ ነው!» ብላ ጮኸች። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እንቁላል ተመትቶ የሚደፋበትን ቡና ግን አልነካም አለች። «ነውር ነው» አለች፤ ሄኖክ የእሷንም ጠጣው።

ረቡዕ — ኒን ቢን

ከሃኖይ ሁለት ሰዓት በሚኒባስ። የሩዝ ማሳ፣ ከውሃው መሃል ቀጥ ብለው የቆሙ የድንጋይ ተራሮች፣ የሚጓዙበት ጀልባ። ቀዛፊያችን ስድሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ወደ ኋላ ጋደም ብላ የምትቀዝፈው በእግሯ ነው።

ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩለት። ካልጋሪ ማክሰኞ ማታ ነው፤ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«በእግሯ?» አለ። «እስኪ አቅርቢያት።»

አቀረብኩለት። ሴትየዋ በጣቷ ሰላም አለችው። አባዬ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለላት።

«በርቺ በያት። እኔ በእጄም ደክሞኛል።»

«አባዬ፣ ለምን እረፍት አትወስድም?»

«ስትመለሺ እወስዳለሁ። ሂጂ፣ ባትሪሽን አትጨርሺ።»

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁትም።

ዓርብ — ሁዌ

ሁዌ የድሮ ነገሥታት ከተማ ናት። ጠዋት ከሆስቴሉ አጠገብ ካለች ጠባብ ቤት ቁርስ ቀርቦልን ነበር፤ ቅመሙ እንባ የሚያወርድ የበሬ ሥጋ ኑድል። የቤቲ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ተነሣች። መንገዱን ተሻግራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ አወራች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው?»

«የሞተሮቹ ጭስ ነው።»

ምግቧን አልነካችም። ቆየት ብላ ሄኖክን፣ «ና ውሃ እንግዛ» ብላ ይዛው ወጣች። ለሁለት ጠርሙስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እኔ የእነሱ ኑድል እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ከድኜ ጠበቅኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የነገሥታቱን ግቢ ስንጎበኝ ሄኖክ ፎቶ ላንሳሽ ብሎ ስልኬን ወሰደ። ወደ ሆስቴሉ ስንመለስ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ሪዲ፣ ሶሪ፣ ስልክሽ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀብኝ። ሩዝ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ለሦስት ቀን አይከፈትም።» ሳቅኩበት። «ቬትናም መሆናችን በጀ፣ ሩዝ አይጠፋም» አልኩት።

በቤቲ ስልክ ቤት ደወልኩ። እናቴ አነሣች።

«አባትሽ? ተኝቷል። ደብል ሺፍት ሠርቶ ነው የገባው፣ አልቀሰቅሰውም። አንቺ ብቻ ተጫወቺ፣ ልጄ።»

ድምጿ ሻክሯል። ጉንፋን ነው አለችኝ። አመንኳት። እናቴን ለምን አላምንም?

ቅዳሜ — ከሁዌ ዳናንግ፣ በባቡር

ይህ መንገድ በዓለም ካሉት የባቡር መንገዶች ሁሉ ያምራል የሚሉ አሉ፤ አልከራከርም። ባቡሩ ገደሉን ታኮ ሲጠማዘዝ ከሥር ባሕሩ አረንጓዴ ነው፣ ከላይ ደመናው ከጫካው ላይ ይወርዳል። ሄኖክ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለእኔ ለቀቀልኝ። ቤቲ ማንጎ ልጣ ልጣ አጎረሰችኝ።

«ምን ነካችሁ ዛሬ? ልደቴ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ሄኖክ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ እስክንወርድም አልተመለሰም። ባቡር ያዞረው መስሎኝ ነበር።

እሑድ — ሆይ አን

ሆይ አን ቢጫ ግድግዳ፣ የወረቀት ፋኖስ፣ ልብስ ሰፊዎች። ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለን፣ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ትልቅ እንቅብ የመሰለ ክብ ጀልባ ተሳፈርን። ጀልባ ነጂው ሙዚቃ ከፍቶ እንቅቡን እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ጮህኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሄኖክ ሌላ ጀልባ ላይ ሆኖ በራሱ ስልክ ይቀርጸኝ ነበር። ቤቲ ራሴን አሞኛል ብላ ዳር ቀረች። ቪዲዮው ዛሬም አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ።

ሰኞ — ሆይ አን

ረፋዱ ላይ ሁለቱ ቁርስ እንገዛለን ብለው ወጡ። ሦስት ቀኑ ስለሞላ ስልኬን ልሞክረው ብዬ የሄኖክን ባክፓክ ከፈትኩ። ሩዝ የለም። ስልኬ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ደረቅ፣ ደህና፣ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ከፈትኩት። ዋይፋዩን ሲያገኝ እጄ ላይ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

«ረድኤትዬ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ ጥሩ ሰው ነበሩ።»

ላኪዋ ሰባተኛ ክፍል አብራኝ የተማረች፣ ለዓመታት ያልተገናኘን ልጅ ናት። አልገባኝም። «የማን አባት?» ብዬ ጻፍኩላት። ከሥሩ ሌላ መልእክት አለ፣ ከሥሩም ሌላ። አሥራ አራተኛው ላይ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። ሄኖክ ስልኩን እጄ ላይ ሲያየው የያዘው ዳቦ ወደቀ።

ቤቲ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ምን ላድርግ፣ ረድኤት? እናትሽ ናቸው የለመኑኝ። ‹ስትሮክ መታው፣ አይሲዩ ገብቷል፣ ግን ይሻለዋል፤ ልጄ ሰው አገር ላይ እንዳትወድቅብኝ› አሉኝ። እናት እየለመነች እንቢ ልበል?»

«ዓርብ በሕይወት ነበር?»

ቤቲና ሄኖክ ተያዩ።

«ዓርብ ጠዋት፣ ውሃ ልትገዙ ስትወጡ፣ አባዬ በሕይወት ነበር?»

«ነበር» አለ ሄኖክ። «ያረፉት ዛሬ ሌሊት ነው። አይ ስዌር፣ እኔ ንገሪያት ብያት ነበር። ራይት አይደለም ብያት ነበር።»

«ስልኬን ማነው የወሰደው?»

ጎንበስ ብሎ ዳቦውን አነሣ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ዓርብ ማታ ከሁዌ ብነሣ፣ የሰዓቱ ልዩነት ስለሚያግዘኝ ቅዳሜ ጠዋት ካልጋሪ እገባ ነበር። አንድ ቀን ተኩል እጁን እይዝ ነበር።

«መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

«ቤት ስትገቢ» አለች ቤቲ። «በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው። ትኬቱን ለነገ ቀይረነዋል። አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ልንልሽ ነበር።»

ወጉን አውቃለሁ። ሐዘን በድንገት ሰውን ይጥላል፤ በሩቅ አገር የሚደግፍ ዘመድ የለም፤ ስለዚህ ይደበቃል፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። መርዶ ግን የሙት ነው። እነዚህ የደበቁኝ በሕይወት ያለ አባቴን ነው።

ሰኞ ከሰዓት — ወደ ዳናንግ ኤርፖርት

በዚያው ቀን የሚነሣ በረራ ተገኘ። የታክሲው ሾፌር ፀጉሩ የሸበተ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ነው። በመስታወቱ እኔን ደጋግሞ ካየ በኋላ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። ስልኩ በእንግሊዝኛ፣ «እህቲቱ ታማለች? ሐኪም ቤት እንሂድ?» አለ። ሄኖክ ስልኩን ተቀብሎ መልሱን በሹክሹክታ ነገረው። ማሽኑ ግን መንሾካሾክ አያውቅም፤ በቬትናምኛ፣ ጥርት ባለ የሴት ድምፅ፣ መኪናው ሙሉ እስኪሰማ ተናገረው።

የአባቴ መርዶ ለሌላ ሰው ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ኤርፖርት ስንደርስ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፤ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። ከዓርብ ጀምሮ ያልዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በአውሮፕላኑ ላይ ወንበሬን አስቀየርኩ። እስከ ካልጋሪ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ — ካልጋሪ

ኤርፖርት የጠበቀኝ የእናቴ ወንድም ጋሽ መኮንን ነው፤ ጥቁር ካፖርት ከለበሱ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ። «እናትሽን ትንሽ አሟታል። ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ስካይቪው ራንች ነው የምታድሪው። ሻወር ትወስጃለሽ፣ እህል ትቀምሻለሽ፣ ጠዋት...»

«ጋሼ፣ አይድከሙ። አውቄያለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ዘወር ብሎ ቤቲን፣ «ማነው የነገራት? አደራ ብዬሽ አልነበረም?» ብሎ ጮኸባት። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያጠፋሁት ጥፋት ቢኖር ማወቄ ነበር።

ፋልከንሪጅ ቤታችን ደጃፍ ላይ የሰው ጫማ እስከ መንገዱ ተደርድሯል። ገባሁ። ሁሉም በአንድነት ጮኹ። እኔ አልቻልኩም፤ ልቅሶዬን በሙሉ አውሮፕላን ላይ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል ጨርሼው ነበር። እናቴ አቅፋኝ፣ «አልቅሺ እንጂ፣ ልጄ፣ አልቅሺ» ትለኛለች። እንደ እንጨት ደርቄ ቆምኩ።

ቅዳሜ — ሣልስት

የቀበርነው ሐሙስ ነው። ንፋሱ የቄሱን ጃንጥላ ገለበጠው። ሄኖክ ሦስቱንም ቀን ቤታችን እየመጣ ለለቀስተኛ ውሃ ያድላል፣ ወንበር ያጥፋል። የእኔ ተራ ሲደርስ ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያልፋል። ቤቲ ስልክ ትደውላለች፤ አላነሣም። ምናልባት አንድ ቀን አነሣለሁ። ምን እንደምላት ግን አላውቅም፤ እንደ ልማዷ ትክክል የሆነውን አድርጋለች።

ከሣልስቱ በኋላ ሰዉ ሲበተን እኔና እናቴ ወጥ ቤት ቀረን። ለምከሳት ክስ ሁሉ መልሷን ያዘጋጀች ትመስል ነበር። እኔ የጠየቅኳት ግን ሌላ ነው።

«ነቅቶ ያውቅ ነበር?»

የያዘችውን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠች። «ቅዳሜ ማታ» አለች። «ጥቂት ደቂቃ። ስምሽን ጠራ።»

ቅዳሜ ማታ ካልጋሪ፣ እሑድ ጠዋት ሆይ አን ነው። ክቡ ጀልባ ይሾር የነበረበት ሰዓት።

«ምን አላችሁት?»

«ምን እንበለው?» አለች። «መንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው አልነው።»

«አመነ?»

 እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ነርሷ ልትወጣ ስትል በሩን ልትዘጋው ነበር» አለች። «በእጁ ከለከላት። ‹ተይው› አላት፣ ‹ልጄ ትመጣለች።› እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር።»