ቋንጣ ሰቅዬ ጎረቤቴን ፈነከትኩ

ዛሬ ጎረቤቴን ሰይድን በዱላ ግንባሩን ፈነከትኩት።

ቋንጣ ልሠራ ሥጋውን ዘልዝዬ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቼ፣ ማድ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ የወይራ እንጨት አጫጫስኩና በሩን ቆልፌ ቅዳሴ ሄድኩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሥጋ ጢስ ላይ ሰቅላ ከቤት አትወጣም ነበር። እኔ ጢሱ ራሱን የሚጠብቅ መስሎኝ።

ስመለስ በሩ ተገንጥሏል። ሰይድ በቢላ ገመዱን ይቆርጣል፤ ሥጋው መሬት ላይ ተበትኗል። ምን ሆነህ ነው ሳልል መታሁት። ወደቀ። ወድቆም ደገምኩት፣ "ሌባ" እያልኩ። የቅዳሴ ጠበል የጠጣሁበት አፍ ነው።

ደሙን በመዳፉ እየጠረገ፣ "አያ፣ የክርስቲያን ሥጋ ሰርቄ ምን ላረገው ነው?" አለኝ።

ቀና ስል የጣራው ሣር ጠቁሮ ይጨሳል። ለካ ስቡ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ እሳቱ ነዶ ኖሯል። ሰይድ ሥጋውን አውርዶ ቤቴን ሊያተርፍ ነው ሰብሮ የገባው።

ጣራው ላይ ውሃ ደፍቼ ካጠፋሁ በኋላ፣ ጤና ጣቢያ ወስጄ ሲሰፉት አጠገቡ ቆምኩ። "አፉ በለኝ" አልኩት።

"ግንባሬ ሲድን እንነጋገራለን፣ አያ" አለ። አልፈርድበትም።

ነገ ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ ልቆም ነው። ከእናንተ መሀል ሊያድነው የመጣን ሰው የመታ አለ? በምን ታረቃችሁ? መቼም ቋንጣ ይዤለት አልሄድ።