የእትዬ ሜርታ ሠላሳ ዲግሪ

በእኛ ሕንፃ ሰው ከሰው ጋር አፍ አይካፈትም፤ ወረቀት ይለጥፋል። ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይነበባል። «የማድረቂያውን ብናኝ ሳትጠርግ የወጣህ ሰው፣ ራስህን ታውቃለህ።» «ተራህ በሰባት ሰዓት ያልቃል ማለት በሰባት ከሩብ ያልቃል ማለት አይደለም።» ስሙን የሚጽፍ የለም። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሁላችንም ስለ አየሩ አንድ ቃል ጣል አድርገን፣ ፈገግ ብለን እንተላለፋለን። አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ የምናጥበው በአንድ ትልቅ ማሽን ነው። ተራ የሚያዘው የቤት ቁጥር ያለባትን ትንሽ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ በፈለጉት ቀንና ሰዓት ቀዳዳ በመሰካት ነው። የሰው ቁልፍ ነቅሎ የራሱን የሰካ ሰው ከተማችንን ሄርነሳንድን ለቆ ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከወረቀቱ ሥር ስማቸውን የሚጽፉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እትዬ ሜርታ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

እኔ የምኖረው ከእሳቸው ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ቆንቋና ይመስሉኝ ነበር። ካፖርታቸው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፎ፣ እራፊው ደግሞ ሌላ እራፊ ተደርቦበታል። አንድ ቀን ገበያ አብሬያቸው ስሄድ ግን ሐሳቤ ተገለበጠ። እንቁላል ሲገዙ ከሁሉ ውዱን አነሡ፤ ዶሮዎቹ ሜዳ ላይ የሚውሉበትን ገበሬ ስለሚያውቁት። ጫማቸው ሶሉ የሚቀየርለት ዓይነት ነው፤ በእሱ ዋጋ እኔ ሦስት እገዛለሁ፣ ሦስቱም የእሳቸውን አንዱን አይደርሱበትም። ፍሪጃቸው ደህና እየሠራ ሳለ መብራት ይበላል ብለው በቆጣሪ ለክተው፣ አሮጌውን ሸኝተው አዲስ አስገቡ። ቲማቲም በክረምት አይነኩም። ካሮትና ጎመን ሲበሉ ግን ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት።

«ገንዘቤን ስሰጥ እኮ ‹በርታ› ማለቴ ነው» አሉኝ ሚዛኑ ጋ ቆመን። «አፈር ለሚመርዝ ሰው በርታ አልልም።»

«ርካሽ ከሆነስ?»

«ርካሹን ስትገዛ የቀረውን ሂሳብ ሌላ ይከፍልልሃል። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ባሕሩ ነው።»

ባሕሩ ለእትዬ ሜርታ ወሬ አይደለም። በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ እስከ መከር በየማለዳው ይዋኙበታል። ሟች ባላቸው አርቪድ ያስለመዳቸው ነገር ነው፤ ከሞተም በኋላ አንድ ማለዳ አላስታጎሉም። ታዲያ አንድ በጋ ወሽመጡ አረንጓዴ ሆነ። ውሃው ላይ ቀለም የሚመስል ዝልግልግ ነገር ተኛበት፤ ሰውም ውሻም እንዳይገባ የሚል ማስጠንቀቂያ ተተከለ። እትዬ ሜርታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው እየወረዱ ማስጠንቀቂያውን አንብበው ይመለሱ ነበር። በአራተኛው ሳምንት፣ ከየቤቱ የሚፈሰው ሳሙናም ባሕሩን እንደሚያበላሽ ሰምተው፣ የሳሙና ካርቶን ጀርባ ማንበብ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሽቶና ቀለም የሌለው፣ ውሃ የማይጎዳ የዱቄት ሳሙና አገኙ። ለብቻ ሲገዙት ውድ ስለሆነ አሥራ አንዳችንን በየበራችን አንኳኩተው አስማሙንና በትልቅ ከረጢት አስመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ቁጭ ብለው በጭልፋ እየሰፈሩ ያከፋፍሉናል። ግድግዳው ላይም ይህን ለጠፉ፤ «በሠላሳ ዲግሪ እጠቡ። የቀረው ሙቀት ትርፉ የመብራት ወጪ ነው። — ሜርታ፣ ሦስተኛ ፎቅ።» ወረቀት ብቻ እንዳይሆን ብለው የማሽኑን መምረጫ ከሠላሳ በላይ ያለውን ሁሉ በቀይ ፕላስተር ሸፈኑት።

ማን ይከራከራቸዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥበው ነው ጡረታ የወጡት። በዓመቱ የሕንፃው የመብራት ወጪ በጣም መውረዱን ሊቀመንበራችን ጋሼ ቱሬ ራሱ በስብሰባ ላይ አነበበልን፤ ለመናገር ደስ ያላለው ቢመስልም።

አሁን ወደ ኀፍረታችን ልምጣ። ፎጣዎቻችን መሽተት ጀመሩ። ደርቀው ሲታጠፉ ደህና ናቸው፤ ፊት ሲጠረግባቸው ግን የረጋ ኩሬ ይሸታሉ። እኔ ምን አደረግሁ? የላቬንደር አበባ ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻ ገዝቼ፣ በወተት ካርቶን ገልብጬ፣ ምድር ቤት በድብቅ ይዤ እወርድ ጀመር። እጅ ከፍንጅ እንዳልያዝ ብዬ የእትዬ ሜርታን የመዋኛ ሰዓት እየጠበቅሁ ነበር ተራ የምይዘው። ስለ ብናኝ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ አንዲት የጠፋች ካልሲ ወረቀት የሚለጥፍ ሕንፃ ስለ ፎጣው ሽታ አንዲት መስመር አልጻፈም። እሳቸውን ማን ያስቀይማል?

በመጋቢት ማሽኑ ልብስ እንደጎረሰ ቆመ።

ጋሼ ቱሬ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በማግስቱ ለሁላችን ደብዳቤ አደረሰን። ክፍሉ ይዘጋ፣ የብስክሌት ማስቀመጫ ይሁን፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ማሽን ገዝቶ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይትከል፣ ከወረቀቱም ሽኩቻ እንገላገል ይላል። ውሳኔው በሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባ ላይ በድምፅ ይሰጣል። እትዬ ሜርታ ደብዳቤውን ይዘው በሬን አንኳኩ።

«አሥራ ሁለት ማሽን» አሉ። «አንዱ ለሚሠራው ሥራ አሥራ ሁለት ብረት፣ አሥራ ሁለት ሞተር። ሁሉም በስምንት ዓመቱ ቆሻሻ ሊሆን። ቱሬ አብዷል?»

እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ማሽኑ ላይ ደግሞ ስም የለሽ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «የገደለው ያ የከረጢት ሳሙና ነው» የሚል። ሲያነቡት ከንፈራቸው ነጣ።

የማሽን ጠጋኙ ሲመጣ እኔና እሳቸው ወረድን። ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ክዳኑን ፈታና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ሲያወጣው ግራጫ፣ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ይዞ ወጣ። ሽታውን አወቅሁት፤ የፎጣዬ ነው።

«ይሄ ማሽን ትኩስ ውሃ አይቶ ያውቃል?» አለ።

እትዬ ሜርታ ቀዩን ፕላስተር አዩ።

«ቅባት በለብታ ውሃ አይሄድም። በሠላሳ ማጠቡ ጥሩ ነው፤ ግን በወር አንዴ ባዶውን በዘጠና ማዞር ነበረባችሁ። ፓምፑ ታፍኖ ነው የተቃጠለው።» ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን «ፓምፕ ተቃጥሏል፤ ይቀየር» ብቻ ነበር። ፈርሞ ሄደ።

እትዬ ሜርታ የልብስ ቅርጫት ገልብጠው ተቀመጡበት።

«አርብ አርብ ማሽኖቹን ባዶ እናፈላቸው ነበር» አሉ። «ሆስፒታል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚህ እጄ። እንዴት ረሳሁት?»

«ይተዉት» አልኳቸው። «ወረቀቱ ላይ የለም። ማንም አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔ አፌን እይዛለሁ። ከተናገሩ ጋሼ ቱሬ ክፍሉን እንደ ዘጋው ይቁጠሩት። ለራስዎ እንኳ ባያስቡ ለባሕሩ ያስቡ እንጂ።»

በንግግሬ ኮርቼ ነበር።

«እኔ እኮ ለባሕሩ ሳስብ ነው እዚህ የደረስነው» አሉና ተነሡ።

ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያው ፎቅ መተላለፊያ ላይ ወንበር ደርድረን ተሰበሰብን። ሐሙስ ስለሆነ እትዬ ሜርታ እንደ ልማዳቸው በትልቁ ድስት የአተር ሾርባ ይዘው ወርደዋል፤ እኛም እንደ ልማዳችን «እጅዎን ይባርክ» ብለን ጠጣን። ከዚያ ጋሼ ቱሬ ሐሳቡን አቀረበ። ሳይጮህ፣ በሥርዓት ነው የተናገረው፤ እውነቱን ለመናገር የሚያሳምን ነበር። ብዙ ራስ ሲነቀነቅ አየሁ።

እትዬ ሜርታ ቆሙ።

«ማሽኑን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ጠጋኙ ያለውን አንድ በአንድ ነገሩን፤ ፕላስተሩን፣ አርብ አርብ ያፈሉ እንደነበረ፣ እንደረሱት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ዝም ያሰኘኋቸው የመሰለኝ እኔ ነኝ ወንበሬ ላይ የተቁነጠነጥኩት።

«ፓምፑን እኔ እገዛለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝና ብትቆጡም አልፈርድባችሁም። አሥራ ሁለት ማሽን መግዛት ግን ሌላ ስህተት ነው። የእኔን ስህተት በዚያ አታርሙት። ክፍሉን ተዉት።»

ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ቲልዳ፣ የአራተኛ ፎቋ እመጫት፣ ሳህኗን እያየች የተናገረችው።

«ፎጣው ይሸት ነበር።»

«ምን አልሽ?» አሉ እትዬ ሜርታ።

«ፎጣው። ከካቻምና ጀምሮ። የልጄን ልብስ እናቴ ቤት እየወሰድኩ ነው የማጥበው።»

«እንዴ፣ ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እርስዎን?»

እኔም አላስቻለኝም፤ «እኔ ማለስለሻ እጨምር ነበር» አልኩ። «በወተት ካርቶን ደብቄ።» ከጎኔ ያለው ሰውዬም እጁን አነሣ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀችና የእሷ የሚቀመጠው በኮምጣጤ ጠርሙስ መሆኑን ተናገረች። አንድ በአንድ ወጣ። ሰው መሳቅ ጀመረ።

እትዬ ሜርታ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያን ፊታቸውን አልረሳውም።

«ለካልሲ ጽፋችኋል» አሉ። «ለብናኝ ጽፋችኋል። ለእኔ አንድ ወረቀት ጠፋ? አንድ? ስም ባይኖረውስ ምን ነበረበት?»

ሳቁ ቆመ። ሁላችንም ጫማ ጫማችንን አየን። እኛ ያከበርናቸው መስሎን ነበር፤ ለካ ብቻቸውን ነው የተውናቸው።

ጋሼ ቱሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሜርታ፣ ማለስለሻ ቅባት አለው?»

«አለው።»

«ፓምፕ ይደፍናል?»

«ይደፍናል።»

«እንግዲያው ምድር ቤት ከመሣሪያ ሣጥኔ ኋላ ሦስት ጠርሙስ አለኝ» አለ ሊቀመንበራችን። «ባለ ጽጌረዳ።» የጆሮው ጫፍ ቀላ። «ፓምፑን አንቺ ብቻ አትገዢውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ድምፅ እንስጥ። ክፍሉ ይቆይ የሚል?»

አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ጋሼ ቱሬ ቆጥሮ ሲጨርስ ትንሽ አሰበና የራሱንም አነሣ። «ብስክሌቴን ዝናብ ይብላው» አለ።

አዲሱ ፓምፕ የገባ ዕለት እትዬ ሜርታ ቀዩን ፕላስተር በጥፍራቸው ላጡት። ሙጫው አልለቅ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ልርዳዎት ብል እምቢ አሉኝ። ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፉ፤ «በሠላሳ ዲግሪ እጠቡ። በወሩ መጀመሪያ አርብ ባዶውን በዘጠና አፈላዋለሁ። የሕፃን ልብስና ፎጣ ያለው በስድሳ ይጠብ። ተሳስቼ ነበር። ስሳሳት ንገሩኝ፤ ስማችሁንም ጻፉ። — ሜርታ፣ ሦስተኛ ፎቅ።»

አንድ ሳምንት ማንም ምንም አልጻፈም። በሁለተኛው ሳምንት ልብሴን ይዤ ስወርድ እትዬ ሜርታ ከዋና ተመልሰው፣ ጸጉራቸው ገና እንደረጠበ፣ ግድግዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ከወረቀታቸው ሥር ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፤

«ሜርታ፣ የሐሙስ ሾርባሽ ጨው ይበዛዋል። — ቱሬ፣ አንደኛ ፎቅ።»

ብዙ ቆዩ። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ይሳቁ ያልቅሱ ከኋላ ሆኜ አልለየሁም። ከዚያ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡና ከሥሩ «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ መልሱ ተጽፎ ነበር። «አርቪድ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ። እሱም አልነገረሽም።»

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ሾርባው ልክ ነበር።